ዘውድም ጎፈርም ያልሆነ

ሳንቲሟ ወደ ላይ ስትወጣ አይቻለሁ፤ ስትወርድ ግን አላየኋትም። የኢየሩሳሌሙ የኢትዮጵያ መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ስለሆነ የጧት ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል ዓይን ትወጋለች። አናቱ ላይ አንበሳ ከተቀረጸበት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በር ሥር እኔና አንድ አረጋዊ መነኩሴ ቆመናል። ወደ ዴር ሡልጣን ልንሄድ ነው፤ እሳቸው ለአገልግሎት፣ እኔ ለመሳለም። «አባ፣ በደማስቆ በር እንግባ ወይስ በያፋ በር?» አልኳቸው። «አንተ እንደ ወደድህ ልጄ» አሉኝ። ለእንግዳ መምረጥ ከባድ ነው። ከኪሴ አንድ ሼቄል አውጥቼ፣ «እንግዲያው ዕጣ ይለየን» ብዬ በአውራ ጣቴ አጎንኋት። መሬት ስትነካ አንዴ ጮኸችና ዝም አለች። ጎንበስ ብዬ ብፈልጋት በሁለት ንጣፍ ድንጋዮች መካከል ካለች ስንጥቅ ገብታ፣ ጠርዟን ብቻ አሳይታ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ብዙ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር በየዓመቱ ያችው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ ክብ እስልና «ይህ ሳንቲም ነው፤ ሲወረወር ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ዘርዝሩ» እል ነበር። ልጆቹ ባንድ ድምፅ «ዘውድ! ጎፈር!» ይላሉ። አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ቢቆምስ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄ «አይቆምም» አልኩትና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ። ልጁ ምን አጠፋ? ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ሊሆን የሚችል ነገር ነገረኝ። ለካ የጠየቅሁት ሌላ ኖሯል፤ «እኔ ሊሆን ይችላል ብዬ የተቀበልኩትን ንገሩኝ» ነበር ጥያቄዬ፣ ይህን ደግሞ አፍ አውጥቼ አላልኩም። ስንጥቋ ላይ ተደፍቼ በሼቄሏ ጠርዝ ላይ ሳፈጥ ጆሮዬ ላይ የመጣው የዚያ ልጅ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ይኸው አልለቀቀኝም። «ሊሆን የሚችል» ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። አማርኛ «ቻለ» በሚለው ግስ ላይ ሁለት ሸክም ጭኗል። አንዱ አቅም ነው፤ ልጁ መዋኘት ይችላል፣ በሬው መሳብ ይችላል። ሌላው መሸከም፣ መታገሥ ነው፤ «ቻል አድርገው» የምንለው፣ ሆደ ሰፊውን ሰው «ቻይ ነው» የምንለው። ሳንቲሙ ዘውድ ሊሆን ይችላል ስንል የትኛውን ማለታችን ነው? የመጀመሪያውን ነው እንዳይባል፣ አቅሙ የት እንዳለ የሚያሳየን የለም። ብረቱን ብናቀልጠው «ዘውድ የመሆን አቅም» የሚባል ነገር ከውስጡ አይወጣም። ይባስ ብሎ፣ ሳንቲሙ ከአውራ ጣት ከተለየ በኋላ ፍጥነቱ፣ ሽክርክሪቱና ከመሬት ያለው ርቀት ተወስነዋል፤ የሚወድቅበት ጎን በእነዚያ ታስሯል። በአየር ላይ የሚንገዋለለው እኛ የማናውቀው ነገር እንጂ ያልተወሰነ ነገር አይደለም። ታዲያ ሁለት ሆኖ የሚታየን ምኑ ነው? ይኼኔ ሁለተኛው ትርጉም ከጀርባ ብቅ ይላል። ሊሆን የሚችል ማለት ቢመጣ እችለዋለሁ ያልኩት፣ ከመወርወሬ በፊት ልሸከመው የተስማማሁት ማለት ይሆን? ዘውድ ቢመጣ በአንዱ በር እሄዳለሁ፣ ጎፈር ቢመጣ በሌላው። ቢቆም ግን ምን እንደማደርግ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ስንጥቋ ውስጥ ያለችው ሼቄል ያሳፈረችኝ ለዚህ ነው፤ ያላወቅሁትን ሳይሆን ያልቻልኩትን ነገር ይዛ መጣች።

የሒሳብ መጽሐፉ ይህን ዐይነት ጉዳይ «ራንደም ቫሪያብል» በሚባል ስም ያነሣዋል፤ እኔ «የዘፈቀደ ተለዋዋጭ» እያልኩ አስተምር ነበር። ስሙ ሁለት ቃል ነው፣ ሁለቱም አይታመኑም። ሩሲያዊው አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1933 ነገሩን መሠረት አስይዞ ሲጽፈው፣ የዘፈቀደ ተለዋዋጭ የሚባለው ዘፈቀደም እንዳልሆነ ተለዋዋጭም እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ውጤት ቁጥር የሚሰጥ ደንብ ብቻ ነው። ሳንቲሙን ሁለት ጊዜ ብንወረውረው አራት ነገር ሊመጣ ይችላል፤ ዘውድ ዘውድ፣ ዘውድ ጎፈር፣ ጎፈር ዘውድ፣ ጎፈር ጎፈር። «ስንት ጊዜ ዘውድ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው ተለዋዋጩ፤ ዋጋዎቹም 0፣ 1 እና 2 ናቸው። ሳንቲሙ መቁጠር አያውቅም። ቁጥሩን የሰጠነው እኛ ነን፤ ከመወርወራችን በፊትም ደንቡ ተጽፎ አልቋል፣ የሚለወጥ ነገር የለበትም። የሚገርመኝ ግን የእኛው ቃል ነው። «ዘፈቀደ» ግዕዝ ነው፤ ሲፈታ «የወደደው፣ የፈቀደው» ማለት ነው። ማንም ያልፈቀደውን፣ ማንም ያላሰበውን ነገር በፈቃድ ስም ጠራነው። አባቶች ይህን ሲያደርጉ ተሳስተው ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ አስብ ነበር። አሁን እጠራጠራለሁ። ዕጣ ውስጥ ፈቃድ አለ፤ ያለው ግን ሳንቲሙ ሲወድቅ ሳይሆን ዝርዝሩ ሲጻፍ ነው።

ስያሜዎቹን ራሳቸውን እንይ። በ1887 ዓ.ም. በተቀረጸው የአፄ ምኒልክ ብር ላይ በአንዱ ጎን ዘውድ የደፉ ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ጎን አንበሳ አለ። እኛ ትምህርት ቤት ሳለን የምንወረውረው ሳንቲም ግን በ1969 ዓ.ም. የወጣው ነበር። ደርግ ዘውዱን ሽሮ፣ ጎፈሩን የበተነ የአንበሳ ራስ በአንዱ ጎን አስቀርቶ፣ በሌላው ጎን እንደየሳንቲሙ ገበሬም ወታደርም አስገብቶበታል። ዘውድ የሚባል ነገር ሳንቲሙ ላይ በአጉሊ መነጽር ቢፈለግ የለም። እኛ ግን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ማለታችንን አልተውንም። የመጨረሻው ንጉሥ ከዙፋን ወርደው፣ መልካቸው ከገንዘቡ ጠፍቶ፣ ከሁለቱ ሊሆኑ ከሚችሉት አንዱ ግን በስማቸው ይጠራ ነበር። እዚህ ኢየሩሳሌም ደግሞ ልጆች ሳንቲም ሲወረውሩ «ዔጽ ኦ ፓሊ» ይላሉ፤ «ዛፍ ወይስ ፓሊ» ማለት ነው። ዛፉ እ.ኤ.አ. በ1927 በእንግሊዝ ሞግዚትነት ዘመን በወጡት ሳንቲሞች ላይ የነበረው የወይራ ቅርንጫፍ ነው፤ «ፓሊ» ደግሞ በሌላው ጎን በሦስት ቋንቋ የተጻፈው «ፓለስታይን» የሚለው ስም ቁራጭ። የዛሬው ሼቄል አንዱ ጎን ላይ ያለችው አበባ ናት፤ ወይራ የለም፣ ያ ስምም የለም። ከኪዳነ ምሕረት ማዶ፣ እዚሁ መንገድ ላይ፣ ዕብራይስጥን ከመጽሐፍ አውጥቶ ወደ አፍ የመለሰው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። ሰውየው ዕድሜውን በመዝገበ ቃላት የፈጀ ነው፤ ይህን አባባል ግን መዝግቦት ሊሆን አይችልም፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሞት ሳንቲሞቹ ገና አልተቀረጹም ነበር። አንዱ ሕዝብ በሌለ ዘውድ፣ ሌላው ሕዝብ በሌለ ዛፍ ዕጣ ይጥላል። ዋጋው ከብረቱ ላይ የሚነበብ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ዋጋው ያለው በስምምነታችን ውስጥ ነው፤ ስምምነቱም ከብረቱ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ስምምነት ከሆነ እንደፈለግን እንዘርዝር? እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ተሰናክሏል። ፈረንሳዊው ዳላምቤር እ.ኤ.አ. በ1754 በታተመው የኢንሲክሎፔዲ ቅጽ ውስጥ ስለዚሁ የሳንቲም ጨዋታ ጽፏል። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በሁለት ውርወራ ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመምጣቱ ዕድል ስንት ነው? ዳላምቤር እንዲህ አሰበ፤ በመጀመሪያው ዘውድ ከመጣ ጨዋታው አለቀ፣ ሁለተኛ መወርወር ምን ይሠራል? ስለዚህ ሊሆኑ የሚችሉት ሦስት ናቸው፤ ዘውድ፣ ጎፈርና ዘውድ፣ ጎፈርና ጎፈር። ከሦስቱ በሁለቱ ዘውድ አለ፤ መልሱ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሒሳብ አዋቂዎች እስከ ዛሬ ይስቁበታል፤ ትክክለኛው ሦስት አራተኛ ነውና። እኔም ለተማሪዎቼ ሳነሣው አብሬ እስቅ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኛል። ዝርዝሩ እኮ ስሕተት የለበትም፤ ከሦስቱ ውጪ የሚመጣ ነገር የለም፣ ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ላይ አይመጡም። የተሳሳተው ሦስቱን እኩል አድርጎ ማየቱ ላይ ነው፤ መዘርዘር ማመዛዘን መስሎት። ይህ ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። ሰው ሁለት ነገር ከፊቱ ሲደረደርለት ግማሽ ግማሽ ነው ይላል። «ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም» የምትለው አነጋገራችን ስንቱን ሰው ሃምሳ በመቶ ተስፋ አስጨብጣ ገደል እንደከተተች ቤቱ ይቁጠረው። ዝርዝር ዝምተኛ ነው፤ በውስጡ ያለው የትኛው ከባድ የትኛው ቀላል እንደሆነ አይናገርም። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ግን በአወጣጡ ብቻ ብዙ ነገር ተናግሯል።

ቁጥር ደግሞ ይረሳል። ሁለት ጊዜ ወርውሬ «1» ብዬ ከጻፍኩ፣ ዘውዱ ቀድሞ ይምጣ ተከትሎ ይምጣ ከዚያች አንድ ውስጥ መልሶ የሚያወጣው የለም። ይህን መርሳት የምንገዛበት ምክንያት አለ፤ ዓለምን ሁሉ ይዞ መቁጠር አይቻልም። ግን የሚረሳውን የሚመርጥ ማነው? በዚህችው ከተማ፣ ቤተ መቅደሱ ቆሞ ሳለ፣ በማስተሰረያ ቀን ሊቀ ካህናቱ በሁለት ፍየሎች መካከል ዕጣ ይጥል ነበር፤ አንዱ ለእግዚአብሔር፣ አንዱ ለአዛዝኤል። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና እንደሚተርከው ሁለቱ ዕጣዎች በፊት ከእንጨት፣ ኋላ ሊቀ ካህናቱ ቤን ጋምላ ካሠራቸው ወዲህ ከወርቅ ነበሩ። ካህኑ ሁለት እጁን ወደ ሣጥኑ ሰድዶ በቀኙ አንዱን፣ በግራው አንዱን ያወጣል። የእግዚአብሔር ዕጣ በቀኝ ሲወጣ መልካም ምልክት ነው። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ታዲያ ይህን ይላል፤ ሊቀ ካህናቱ ጻድቁ ስምዖን ባገለገለበት አርባ ዓመት ዕጣው ሁልጊዜ በቀኝ ወጣ፤ ከእሱ በኋላ አንዳንዴ በቀኝ አንዳንዴ በግራ፤ ቤተ መቅደሱ ከመፍረሱ በፊት በነበሩት አርባ ዓመታት ግን አንድም ጊዜ በቀኝ አልወጣም።

ከዚህ ትረካ የተሻለ የሳንቲም ምሳሌ አላውቅም። አርባ ዓመት፣ በየዓመቱ አንድ ዕጣ፤ «ስንቴ በቀኝ ወጣ?» ብለን ብንጠይቅ ዋጋው ከ0 እስከ 40 ሊሆን ይችላል፤ 41 ዋጋዎች። ታሪኩ የሚያውቀው ሁለቱን ጫፎች ነው፤ 40ን ለጻድቁ፣ 0ን ለመፍረሻው ዘመን። መካከል ያሉትን 39 ዋጋዎች በአንዲት ሐረግ ያልፋቸዋል። አሁን በሌላ በኩል እንቁጠር። ቀኝና ግራን በአርባ ዓመት ማሰለፍ የሚቻለው በ1,099,511,627,776 መንገድ ነው። ከእነዚህ ወደ 20 የሚያደርሱት 137,846,528,820 ናቸው፤ ወደ 0 የሚያደርሰው አንድ፣ ወደ 40 የሚያደርሰውም አንድ። ዜሮ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው እንላለን። ግን ቆይ። «ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ» እያለ እስከ አርባ የሚሄድ ማንኛውም የተወሰነ ቅደም ተከተልም መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ልክ እንደ «ሁሉም ግራ» ከትሪሊዮን አንዱ ነው። በየአርባ ዓመቱ አንድ እጅግ ብርቅ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ግን የምንደነግጠው ብርቁ ስም ሲኖረው ብቻ ነው። ስም ያላወጣንለት ብርቅ «አንዳንዴ በቀኝ አንዳንዴ በግራ» ተብሎ ይቀበራል። ታልሙድን እንደ ቆጠራ መዝገብ አንብቦ «ዕድሉ ስንት ነበር?» ማለት መጽሐፉን አለመረዳት መሆኑን አውቃለሁ፤ ጸሐፊዎቹ ስለ ዕጣ ሳይሆን ስለ ጸጋ መራቅ ነው የሚናገሩት። ሆኖም ሳያስቡት የሒሳቡን ልብ ነክተውታል። አስፈሪው ነገር የመጣው ዋጋ አይደለም። ቀኝ መልካም ነው ብሎ የተስማማ ሕዝብ፣ ግራ ሲመጣ ሊሸከመው ግድ መሆኑ ነው።

ደግሞ ሌላ ዕጣ፤ እሱም ኢየሩሳሌም ውስጥ። ይሁዳ ከጎደለ በኋላ አሥራ አንዱ ሐዋርያት ምትክ ሲፈልጉ ዕጣ ጣሉና ለማትያስ ወጣለት። ስብከት ላይ ሁሌ የምንሰማው ዕጣው ነው። የሐዋርያት ሥራ ግን ከዕጣው በፊት ያለውንም ይናገራል። በቦታው የነበሩት 120 ያህል ሰዎች ነበሩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ የነበረ መሆን አለበት ተባለ፤ ከዚያም ሁለት ሰው አቆሙ፣ ኢዮስጦስ የተባለው ዮሴፍንና ማትያስን። ከ120 ወደ ሁለት ያወረደው ሰው ነው፤ ከሁለት ወደ አንድ ያወረደው ዕጣ ነው። ሁለተኛውን ብቻ የእግዚአብሔር ምርጫ ብንለው የመጀመሪያውን ምን ልንለው ነው? እዚህ ላይ ሥነ መለኮት ውስጥ መግባት አልፈልግም፤ አቅሜም አይደለም። ነገር ግን በየዕቁባችን፣ በየቀበሌው፣ በየቤቱ የማየው ይኸው ነው። ዕጣው ሲወጣ ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ ይቆማል፤ ጣሳው ውስጥ የማን ስም እንደገባ፣ የማን እንዳልገባ ግን ከዚያ በፊት፣ ማንም በማያይበት ሰዓት ተወስኗል። ስሙ ያልገባ ሰው ደግሞ «ዕድል አልቀናኝም» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዕድልማ ምን አደረገችው?

ከዝርዝሩ ውጪ ሆኖ ዝርዝሩን የሚገዛ አንድ ቁጥርም አለ። ዘውድን 1፣ ጎፈርን 0 ብንል፣ የሒሳብ ሰዎች «የሚጠበቅ ዋጋ» የሚሉት ግማሽ ነው። የሚጠበቀው፣ ሊመጣ ከማይችለው ውስጥ ሆነ ማለት ነው። ሺህ ጊዜ ብንወረውር አንዴም ግማሽ አይመጣም። ይህን ለተማሪ ሳስረዳ «አማካይ ነው፣ በረጅሙ ሲታይ ነው» እል ነበር፤ ልክ ነኝ፤ ግን መጠበቅ የሚለውን ቃል እንዲህ አድርጎ የሚያደክም ሌላ ትምህርት አላየሁም። ጥያቄውን እንለውጥና «ዘውድ እስኪመጣ ስንቴ ልወርውር?» ብንል ዋጋዎቹ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ማብቂያ የላቸውም። ግን «መቼም አይመጣም» የሚለው ከዝርዝሩ ውስጥ ይገባል ወይ? ዕድሉ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ግን አይቻልም ማለት አይደለም። ጎፈር ጎፈር ጎፈር እያለ ለዘላለም መሄድን የሚከለክል የሳንቲም ሕግ የለም። አንዳንድ መጽሐፍ ከዝርዝሩ ያስገባዋል፣ አንዳንዱ ይተወዋል፣ ስሌቱ አይለወጥም። የሚለወጠው የሚጠብቀው ሰው ነው።

ይህን የምለው ልንሄድበት ስለነበረው ቦታ እያሰብኩ ነው። ዴር ሡልጣን በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው፤ መነኮሳታችን በትንንሽ የጭቃ ቤቶች ይኖሩበታል። በቦታው ላይ ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ያለው ክርክር ብዙ ትውልድ አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ኮፕቶቹ ታች ጸሎት ላይ ሳሉ፣ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ ክርስቲያን በኩል የሚያልፈው መተላለፊያ በሮች ቁልፍ ተለወጠ፤ አዲሱ ቁልፍ በእኛ መነኮሳት እጅ ገባ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤት እንግዲህ ሳንቲም ወርዋሪ ነው ባይባልም ዝርዝሩ የሳንቲም ነው፤ ለዚህ ወይስ ለዚያ። እ.ኤ.አ. በ1971 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶች ይመለስ አለ፤ የባለቤትነቱን ጥያቄ ግን ለመንግሥት ተወ። መንግሥት ደግሞ ጉዳዩን ለኮሚቴ መርቶ ቁልፉ ባለበት ይቆይ አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ባለበት አለ። ይህ የትኛው ዋጋ ነው? ፍርዱ ለነርሱ ወጥቷል፤ ቁልፉ እኛ ጋ ነው። አሸንፈናል የሚል አለ፣ እኔ ግን እንደዚያ ለማለት አፌ አይታዘዝም፤ አልተሸነፍንም ማለትም አይደለም። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የኦቶማኑ ሡልጣን እ.ኤ.አ. በ1852 ባወጣው ፈርማን ሁሉም እንደነበረ ይቆይ ተብሎ፣ በፊት ለፊቱ መስኮት ሥር የቆመች አንዲት የእንጨት መሰላል እንኳን የሚያነሣት አጥታ ቆማለች። የትኛውም ወገን የሌላውን ዋጋ መቻል ሲያቅተው ሳንቲሙን በጠርዙ አቁሞ ይኖራል። መጽሐፌ ላይ «አይሆንም» የተባለው ነገር እዚህ መተዳደሪያ ሆኗል።

ጠርዝ ለነገሩ እንደምናስበው ተረት አይደለም። የአሜሪካን ባለ አምስት ሳንቲም ያጠኑ ሰዎች በጠርዙ የመቆም ዕድሉን ከ6,000 ውርወራ አንዴ ያህል አድርገው ገምተውታል። በቅርቡ ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች ተሰብስበው 350,757 ጊዜ ወርውረው፣ ሳንቲም ሲወረወር ወደ ላይ በነበረው ጎኑ የመውደቁ ዕድል ከግማሽ ጥቂት እንደሚበልጥ፣ 50.8 በመቶ ገደማ እንደሆነ አሳይተዋል። ያን ያህል ጊዜ ሲወረውሩ አንዱም እንደኔ ስንጥቅ አልገጠመው ይሆን? ገጥሞትም ከሆነ «ይህ አይቆጠርም፣ ድገም» ተብሎ ይሆናል፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። «አይቆጠርም» የምትለው ቃል ቀላል ትመስላለች። ለተማሪዬ «አይቆምም» ያልኩት ለካ «አይቆጠርም» ማለቴ ነበር፤ ስለ ሳንቲሙ የተናገርኩ መስሎኝ ስለራሴ ተናገርኩ። ልጁ አሁን ጎልማሳ ነው፤ የት እንዳለ አላውቅም። ባገኘው ምን እንደምለው ግን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ «ልክ ነህ» ብለው አይበቃም፣ ምክንያቱም ጠርዝን ከዝርዝሩ ባስገባው ኖሮ ሌላ ልጅ ተነሥቶ «ቁራ ቢወስደውስ?» ይል ነበር፣ እሱም ልክ ነው። መጨረሻ የለውም። የሆነ ቦታ ላይ ዝርዝሩን መዝጋት ግድ ነው፤ መዝጋቱ ጥፋት አይደለም። የዘጋሁት እኔ መሆኔን ረስቼ ሳንቲሙ የዘጋው ማስመሰሌ ነው የሚከነክነኝ።

ሼቄሏን በጣቴ ላወጣት ብሞክር ስንጥቋ ጠበበች። አባ መቋሚያቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ከቀሚሳቸው ኪስ አሮጌ የብረት ቁልፍ አወጡ፤ የየትኛው በር እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። በቁልፉ ጫፍ ከሥር ፈንቀል ሲያደርጓት ዘላ ወጣችና ድንጋዩ ላይ ተንከባላ ስትወድቅ በመዳፋቸው ከደኗት። ጨዋታው የገባቸው ይመስል ዓይናቸው ሳቀ።

«እህ፣ የቱ ነው?» አልኳቸው።

መዳፋቸውን አነሡ። አበባዋ ወደ ላይ ናት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። ዘውድ የለባትም፤ ጎፈርም የለባትም።

«ይህች የየትኛው በር ናት ተባብለን ነበር?» አሉኝ።

ለካ አልተባባልንም። ዝም ብዬ ነው የወረወርኩት። «አባ፣ እኔንጃ» አልኩ። ሼቄሏን አቧራዋን አራግፈው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ነቢያት ጎዳና መውረድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ዞር አሉ።

«ና እንጂ ልጄ። በአዲሱ በር እኮ ይቀርባል።»